ሳይላኩ የሚቀሩ ማመልከቻዎች፦ የወንጀል ሪከርድ ጥያቄ በአሜሪካ ኮሌጆች ቅበላ

በወንጀል የተፈረደበት ሰው የአሜሪካ ኮሌጅ ደጅ ሲጠና ምን ይገጥመዋል? ለዚህ ጥያቄ እንደ ዋና ምስክር የሚጠራው ሮበርት ስቱዋርትና ክሪስቶፈር ኡገን በ2020 «ክሪሚኖሎጂ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎቹ በዘራቸው አንድ የሆኑ፣ በትምህርት ዝግጅታቸውም የሚመሳሰሉ አመልካቾችን በጥንድ በጥንድ አዘጋጁ። ከየጥንዱ አንደኛው በከባድ ወንጀል እንደተፈረደበት ገለጸ፤ ሌላኛው ምንም ሪከርድ አልነበረበትም። ማመልከቻዎቹ የተላኩት አመልካችን እምብዛም ለማያበጥሩ የአራት ዓመት ኮሌጆች ነበር። ሪከርድ ያለበት ውድቅ የተደረገበት መጠን ከሌላኛው 2.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ወንጀል በሚፈጸምባቸው ግቢዎች ደግሞ ቅጣቱ በጥቁር አመልካቾች ላይ በርትቷል።

ጥናቱ ጠንቃቃ ነው፤ ቁጥሮቹንም የሚጠራጠር የለም። ችግሩ ያለው ከቁጥሮቹ በስተጀርባ ነው። ለጥናቱ የተዘጋጀ አመልካች አይሰለችም፣ አያፍርም፣ ተስፋ አይቆርጥም። ቅጹን እስከ መጨረሻው ይሞላል፣ ይልካል፣ መልሱን ይጠብቃል፤ ሥራው ያ ነውና። ስለዚህ ዘዴው ሊለካ የሚችለው የቅበላ ኮሚቴ የሚሰጠውን ውሳኔ ብቻ ነው። ከኮሚቴው በፊት የሚሆነው ሁሉ፣ ማለትም ሰውየው በማመልከቻው ላይ ያለውን የወንጀል ሪከርድ ጥያቄ አንብቦ ኮምፒውተሩን የሚዘጋበት ቅጽበት፣ ከመነሻው ከእይታ ውጪ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ትልቁ መገለል ያለው እዚያ ነው የሚል ነው።

ማስረጃው ከስቱዋርትና ኡገን አምስት ዓመት ቀድሞ ታትሟል። በኒው ዮርክ ግዛት ለእስር አማራጮች የሚሟገት አንድ ማዕከል አለን ሮዘንታልን፣ ኤሚሊ ናፒየርን፣ ፓትሪሺያ ዋርትንና ማርሻ ዋይስማንን አሰማርቶ የግዛቱን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት የቅበላ መረጃ አስመረመረ። በ2015 የወጣው ዘገባ እንደሚለው በከባድ ወንጀል ተፈርዶብኛል ብለው በማመልከቻው የሪከርድ ሳጥን ላይ ምልክት ያደረጉት አመልካቾች በዓመት 2,924 ነበሩ። ከእነዚህ 1,828ቱ ማመልከቻቸውን ሳይጨርሱ ቀርተዋል፤ 62.5 በመቶ ማለት ነው። በጠቅላላው የአመልካች ብዛት ውስጥ ጀምሮ የሚተወው 21 በመቶ ብቻ ነበር። ዘገባው ሁለቱን የመገለል መንገዶች ሲያነጻጽር፣ ኮሚቴ በሪከርዱ ምክንያት ውድቅ ላደረገው ለእያንዳንዱ አንድ ሰው 15 ሰዎች በራሳቸው ጊዜ ከመንገድ ቀርተዋል። አንድ ለአሥራ አምስት! የአንዱ ነገር በታላላቅ መጽሔቶች ሲዘገብ የአሥራ አምስቱ በማዕከል ዘገባ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

ለምን እንደተዉት ለመረዳት ሳጥኑ ላይ ምልክት ካደረጉ በኋላ የሚመጣውን ማየት ይበቃል። ጉዳዩ ለየካምፓሱ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል። አንዱ ከአመክሮ ሹም ደብዳቤ አምጣ ይላል፣ ሌላው ከማረሚያ ቤቱ ኃላፊ፣ ሌላው የተሟላ የወንጀል መዝገብ፤ አንዳንዱ ደግሞ በአካል ቀርበህ ተጠየቅ ይላል። ከ10 ዓመት በፊት የተፈታ ሰው አመክሮውን ከጨረሰ ቆይቷል፤ የሚያውቀው ሹም ጡረታ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቢሮ ማኅተም ፍለጋ ሦስት ቢሮ የዞረ አንባቢ ይህን ለመገመት አይቸገርም። «አይሆንም» ያለ ማንም የለም፤ ሰውየው ግን ኮሌጅ አልገባም።

በዘገባው ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ድሆች ናቸው፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ሳጥኑ ባይኖርም ይተዉት ነበር። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁንና በ21 እና በ62.5 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት በድህነት ብቻ መሙላት የሚሻ ያንን ያህል የበረታ ድህነት ማሳየት ይጠበቅበታል፤ እስካሁን ያሳየ የለም። ማስረጃው ከአንድ ግዛት የመጣ መሆኑም መጠቀስ አለበት፤ ተጠቅሷል።

ውድቅ የተደረጉትን ብቻ የማየቱን ስህተት ጋዜጦችም ያባብሱታል። በ1995 ሃርቫርድ ከተቀበላት በኋላ በልጅነቷ እናቷን መግደሏ ሲታወቅ ፈቃዱን የነጠቃት ወጣት፣ በ2017 ደግሞ ኢንዲያና ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ታስራ ስትወጣ የሃርቫርድ የታሪክ ትምህርት ክፍል መርጧት የበላይ አመራሩ የሻረባት ተመራማሪ አገር ያነጋገሩ ጉዳዮች ናቸው። ሁለቱም ማመልከቻቸውን ጨርሰው የላኩ ነበሩ። ያልላከ ሰው ዜና አይሆንም።

ጥያቄው ግቢዎችን ይጠብቃል የሚለው የደኅንነት ክርክር እዚህ ብዙ ቦታ አያሻውም። ጥያቄው እንዲስፋፋ ካደረጉት ክስተቶች አንዱ በ2004 በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ዊልሚንግተን ካምፓስ ሁለት ተማሪዎች በሌሎች ተማሪዎች መገደላቸው ነው። ገዳዮቹ ግን ያለፈ ታሪካቸውን ማመልከቻው ላይ ሸሽገው ነበር፤ ጥያቄው አልያዛቸውም። በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ 32 ሰው የገደለው ተማሪ የሚያስመዘግበው የወንጀል ፍርድ አልነበረበትም። ካሮል ራንያንና ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ኮሌጅ ውስጥ ጥፋት ከፈጸሙ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች መካከል ማመልከቻቸው ላይ የወንጀል ታሪክ የገለጹት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የገለጹት ሰዎች ደግሞ በኋላ በጥፋት የተከሰሱት 8.5 በመቶ ናቸው። ይህን የመሰለ ወንፊት ማንም ለጤፍ አይጠቀምበትም።

ጥያቄውን በማንሳት ላይ የሚቀርበው ከበድ ያለ ተቃውሞ የመጣው ከሥራ ገበያ ጥናት ነው። አማንዳ ኤገንና ሶንያ ስታር በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ከተማ 15,000 ያህል የተዘጋጁ የሥራ ማመልከቻዎችን ልከው፣ ቀጣሪዎች ስለ ሪከርድ መጠየቅ ሲከለከሉ በነጭና በጥቁር አመልካቾች መካከል ያለው የጥሪ ልዩነት ከ7 ወደ 43 በመቶ እንዳደገ በ2018 አሳይተዋል። ያልተጠየቀው በግምት ይሞላል ማለት ነው። ነገር ግን ቀጣሪው ስም ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው የያዘው። ኮሌጅ የአራት ዓመት ውጤት፣ የመምህራን ደብዳቤና ድርሰት በእጁ አለው። ሁለቱን ማመሳሰል አይገባም።

እኛ ዘንድ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ በብሔራዊ ፈተና ውጤቱ በትምህርት ሚኒስቴር ስለሚመደብ ጉዳዩ የሩቅ ሊመስል ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት የአገረ ገዥውን ተቃውሞ ሽሮ በጥር 2018 ያጸናው ሕግ፣ ኮሌጆች ራሳቸው በሚያዘጋጁት የቅበላ ማመልከቻ ላይ ስለ ወንጀል ታሪክ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ሉዊዚያና በ2017 ቀድማለች። የኒው ዮርኩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓትም በ2016 ሳጥኑን ለማንሳት ወስኖ ከ2018 ጀምሮ ጥያቄውን ከቅበላ በኋላ ለመኝታ ቤትና ለመሳሰለው ብቻ አስቀርቶታል። ስቱዋርትና ኡገን በቆጠሩት ብቻ ለሚመራ ሰው ይህ ትንሽ የአስተዳደር ለውጥ ነው፤ አሥራ አምስቱን ለሚቆጥር ግን ለውጡ በሙሉ ያለው ጥያቄው በሚነሳበት ጊዜ ላይ ነው።

የትምህርት ቤት ቅጣትም በዚሁ መስመር ይታያል። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ ኮመን አፕ የወንጀሉንም የትምህርት ቤት ዲሲፕሊኑንም ጥያቄ ያስገባው በ2006 ነው፤ የወንጀሉን ከ2019 ጀምሮ፣ የዲሲፕሊኑን ከ2021 ጀምሮ ከጋራው ቅጽ አውጥቷል። የፌዴራል የትምህርት መረጃ በ2013–14 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች በ3.8 እጥፍ ከትምህርት ገበታ እንደሚታገዱ ስላሳየ የውሳኔው ምክንያት የዘር ልዩነት እንደሆነ በሰፊው ተነግሯል። ኮመን አፕ በዚያው ወቅት ያወጣው ሌላ ቁጥር ግን ብዙ አልተነገረለትም፦ ቅጣት እንዳለባቸው ከገለጹ ተማሪዎች 22 በመቶው ማመልከቻቸውን ሳይልኩ ቀርተዋል፤ ካልገለጹት ደግሞ 12 በመቶው። እነዚህ ልጆች አልታሰሩም፣ የአመክሮ ሹምም የላቸውም። ኮመን አፕ የተወውን ጥያቄ ግን የየኮሌጁ ተጨማሪ ቅጽ ዛሬም ሊጠይቅ ይችላል፤ የጋራው ቅጽ ከተስተካከለ በኋላም ኮሌጆች የሚያወጡት ቆጠራ የሚጀምረው ማመልከቻው ከደረሳቸው በኋላ ነው።