የሽንት ጨርቅ መቼ ይገዛል? (የጋሞ ጨርቅ አጭር ታሪክ)

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰባተኛ ወሬን ልጨርስ ነው። እኔ የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ አሁኑኑ ይገዛ ባይ ነኝ። እናቴ ደግሞ ከጨንቻ ስልክ እየደወለች "ልጅ ሳያለቅስ ጨርቅ አይቆረጥም" ትለኛለች። ባለቤቴ "ዳይፐር እያለ ምን ያጨቃጭቃችኋል?" ይላል፤ የዳይፐሩን ዋጋ ስነግረው ግን ዝም ይላል። ሥራዬ ታሪክ ማስተማር ስለሆነ ነገሩን በታሪክ ልፈታው ሞከርኩ። የጠበቅኩት ትንሽ ነገር ነበር፤ ያገኘሁት ግን የጋሞን ታሪክ ግማሹን የሚነካ ሆነ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር "መቼ ይገዛል?" የሚለው ጥያቄ ራሱ አዲስ መሆኑ ነው። በአያቶቻችን ጊዜ የሽንት ጨርቅ የሚባል ዕቃ ገበያ ላይ አልነበረም። የነበረው ጋቢ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ቡሉኮ ነው። ጥጡ ከቆላው፣ ከዓባያና ከጫሞ ዳርቻ፣ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል። ሴቶች ይዳምጡታል፣ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፣ በእንዝርት ይፈትሉታል። ወንዶች ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው ይሸምኑታል። ስለ ዶርዜ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ሸማኔው ነው፤ ፈታይዋን የሚያነሳት ጥቂት ሰው ነው። አንድ ሸማኔ ክር ሳይቸግረው እንዲውል ግን ከአንድ በላይ ፈታይ ያስፈልገዋል። ጁዲት ኦልምስቴድ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመችው ጥናት የዲታን የገበሬ ሚስትና የዶርዜን የሸማኔ ሚስት ሥራ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነው። እንዝርት የያዘች እጅ ታሪክ ውስጥ እንድትገባ ካደረጉት ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ስለሆነ አንብቡት እላለሁ።

ታዲያ ያ ጋቢ ዕድሜ አለው። አዲስ ሲሆን ለበዓልና ለለቅሶ ነው። ትንሽ ሲቆይ ለአዘቦት ይወርዳል። ከዚያ የሌሊት ልብስ ይሆናል። መጨረሻ ላይ፣ ሲሳሳና ሲለሰልስ፣ ይቀደድና ለሕፃን ይሆናል። ስለዚህ አያቴን "የእናቴን የሽንት ጨርቅ መቼ ገዛችሁት?" ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ትክክለኛው መልስ "ሳገባ" ነበር የሚሆነው። ጨርቁ ከልጁ ብዙ ዓመት ቀድሞ ቤት ውስጥ አለ።

ይሄ የድህነት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥጥ በተፈጥሮው ቅባትና ሰም አለው። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ላይ ውሃ ብታፈሱ እንደ ጤዛ ተንከባሎ ይወርዳል። የፋብሪካ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ክሩ እንዲጠነክር የተቀባው ስታርች ይጨመርበታል። በደንብ መምጠጥ የሚጀምረው ደጋግሞ ከታጠበ በኋላ ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ላላ ብሎ ስለሚጠመዘዝ፣ ዓመታት ሲታጠብ የሕፃን ቆዳ የማይፍቅ ይሆናል። ሴቶቻችን ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም።

ማጠቢያውም የራሱ ታሪክ አለው። ሳሙና ከመልመዱ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚያነጣው እንዶድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲሠሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ነበሩ፤ ግኝቱም በዓለም ደረጃ ታወቀ። ያ ሁሉ የተጀመረው እንግዲህ ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ መንገድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ ሸማኔዎቻችን ወደ አዲስ አበባ መፍለስ ጀመሩ፤ እንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የሸማ ሰፈር ሆነ። አባት ዓመቱን ሙሉ ከተማ ይሠራል፣ እናት ደጋ ላይ እንሰቱንና ልጆቹን ትጠብቃለች። አባት የሚመጣው ለመስቀል ነው። ዮ ማስቃላ ስንል በዓሉ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ገንዘብ፣ አዲስ ጋቢና ሰው አንድ ላይ ቤት የሚገቡበት ቀን ነው። ጨርቅ "መቼ" ይገባል ለሚለው የዚያ ዘመን መልስ "ለመስቀል" ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። ከመስከረም 17 ዘጠኝ ወር ቁጠሩ። ሰኔ 17 ላይ ያርፋል። ለመስቀል መጥቶ የተመለሰ አባት ልጁ የሚወለድለት እንግዲህ ጨንቻና ዶርዜ ጉም ውስጥ ሲዋጡ፣ ጨርቅ ቢሰጣ ሁለት ቀን ሙሉ እንደረጠበ ሲውል ነው! ደጋ ቤት ምድጃ ዙሪያ ጨርቅ የሚንጠለጠለው፣ አራስ ቤት ሁሉ ጭስ ጭስ የሚሸተው አለምክንያት አይደለም። ቁጥር ይዤ አይደለም የማወራው፤ ግን በእኛ ዘመድ ውስጥ የሰኔና የሐምሌ ልጆችን ብትቆጥሩ ትስቃላችሁ። (የአክስቴ ልጆች፣ ይቅርታ።)

ከዚያ በሜትር የሚሸጠው ጨርቅ መጣ። አቡጀዲ። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ነግሦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ ያዘ። ከጦርነቱ በኋላ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተስፋፉ፤ በኋላም አርባ ምንጭ ራሷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ሆነች። ጨርቁን የምንሰካበት መርፌ ቁልፍም የሰው ፈጠራ ነው፤ ዋልተር ሃንት የሚባል የኒው ዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1849 የባለቤትነት መብት ወስዶበት መብቱን በ400 ዶላር ሸጠው። ስንት እናት በእሱ እንደተገላገለች ሳያውቅ ሞተ።

በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጨርቅ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ ከ1,300 ብዙም አታልፍም። ሲቀላ ውስጥ ጠዋት ያሰጣችሁት ጨርቅ ቡና ሳይጠጣ ይደርቃል። ግን በዚያው ልክ የጎረቤቱም ነገር ተቀየረ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፓምፐርስን ገበያ ላይ አዋለ። ዛሬ እኛ ጋ የየትኛውም ኩባንያ ዕቃ ቢሆን "ፓምፐርስ" ነው የምንለው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራስ ልጅ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ይቀየራል። ደሞዜን ሳሰላው አይበቃም። ከገንዘቡ ሌላ ደግሞ ከዝናብ በኋላ የሲቀላን ቦይ ማየት ነው። የእኛ ቦይ ወደ ኩልፎ፣ ኩልፎ ወደ ጫሞ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ እናቴ ክርክር ልምጣ። ለረጅም ጊዜ "ልጅ ሳያለቅስ ጨርቅ አይቆረጥም" የሚለውን እንደ ተራ አጉል እምነት ነበር የማየው። ባለፈው ወር ምክንያቱን ጠየቅኳት።

ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው ሲረገዝ እናቴ ከጨንቻ ገበያ አዲስ አቡጀዲ ገዝታ፣ ቆርጣ፣ ጠርዙን ሰፍታ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። ልጁ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ሁለተኛዋ ስትወለድ አላለቀሰችም። ጨርቁ ግን ሣጥኑ ውስጥ ነበር። "ልጥለው አልችልም፤ ልሰጠው አልችልም፤ ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እሱ ነው የሚቀበለኝ" አለችኝ። እኔ ስረገዝ ምንም አላዘጋጀችም። ተወልጄ ሳለቅስ ጎረቤቶች አንድ በአንድ አሮጌ ነጠላ ይዘው ገቡ። በሰው ጨርቅ ነው ያደግኩት።

በቁጥር ላስቀምጠው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። እኔ ከዚያ ቀደም ብዬ ነው የተወለድኩት። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 48 ደርሷል። ከ97 ወደ 48 የወረደው በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው፤ ክትባቱ፣ በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን፣ በጤና ተቋም መውለዱ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግን 48ም ቢሆን 48 ልጅ ነው። የእናቴ ሕግ የወጣው ሞት ደጅ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ሴት ልጇን ስታጣ ቢያንስ ሣጥኑ ባዶ እንዲሆንላት ነው። አጉል እምነት ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም።

ሕጉ ግን ሊሠራ የቻለው ሁለተኛ እግር ስለነበረው ነው። አራስ ቤት ምንም ባይዘጋጅም በየጎረቤቱ አሮጌ ጋቢ ነበር። ልጁ ባለቀሰ በሰዓቱ ጨርቅ ይደርሳል። መንደሩ ሁሉ እንደ መጋዘን ነበር ማለት ነው። እኔ አሁን የምኖረው ሲቀላ ኪራይ ቤት ነው። ጎረቤቶቼ መልካም ሰዎች ናቸው፤ ግን ቤታቸው ያለው ሳልቫጅና ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ልብስ ነው። ያ ደግሞ ሽንት አይመጥም። ምግብ ያመጡልኛል፣ ገንፎ ያገነፉልኛል፤ ያረጀ የጥጥ ጋቢ ግን የላቸውም። የእናቴን ሕግ ይዤ መንደሯን ካልያዝኩ ልጄ ምን ላይ ይተኛል? ከዚህም ሌላ የምወልደው ጤና ተቋም ነው፤ ክትትል ላይ የሚነግሩን ንጹሕ ጨርቅ ቀድማችሁ አዘጋጁ ብለው ነው።

ወሬም ምክንያት ሆኗል። የምወልደው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፤ በቆላው ዋናው ዝናብ የሚጥልበት ጊዜ። በቀን አሥር ጨርቅ፣ በየሁለት ቀኑ ማጠብ ካልን ሃያ ይሆናል። ለመጠባበቂያ አራት ጨምሩ፤ ሃያ አራት። ዝናብ ሲጥልና ሦስተኛ ቀን ሲያድር ግን ሠላሳ አራት ይሻላል። ውሃ ስትጠፋ ደግሞ ጀሪካን አለ። በአርባ ምንጮች የተሰየመች ከተማ ውስጥ ጀሪካን መደርደራችን ሌላ ቀን የሚጻፍ ታሪክ ነው።

እና ምን ወሰንን?

ጨርቁ አሁን ይገዛል። ግን አይቆረጥም። ዶርዜ ካለ ሸማኔ ጥለት የሌለው ድፍን የጥጥ ጨርቅ በጣቃው አዝዘናል። ሲደርስ እንዳለ፣ ሳይቆረጥ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይታጠባል፤ ሰሙ ይለቃል፣ ይለሰልሳል። እስከዚያ ድረስ የሽንት ጨርቅ አይደለም፤ ጨርቅ ነው። እግዜር አያድርገውና ሌላ ነገር ቢመጣ ጋቢ ይሆናል፣ ሰው ይለብሰዋል፤ ሣጥን ውስጥ የሚጠብቀኝ ትንሽ ቁራጭ አይኖርም። ለሆስፒታሉ ቦርሳ የእህቴ ልጅ ያደገበትን ጨርቅ እዋሳለሁ፤ እሱ ባለቤቱ የታወቀ ነው። ልጁ ሲያለቅስ መቀሱን የምትይዘው እናቴ ናት።

ይህን ስነግራት ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ጣቃማ ይገዛል" አለች። ቀጥላም ዋጋውን ጠየቀችኝና ተታለሽ ብላ ተቆጣች። ሸማኔውን ራሷ ልታናግረው ነው።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፦ በእናንተ ቤት ጨርቁ የሚዘጋጀው ከመወለዱ በፊት ነው በኋላ? የጎጃም፣ የሐረር፣ የወላይታ፣ የውጭ አገር ወዳጆቼም ጻፉ። እናቶቻችሁን ስትጠይቁ ግን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ።