የሼክስፒር ኮሜዲና የኢትዮጵያ መድረክ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የተወለደው በኮሜዲ ነው። በሩሲያ ተምረው፣ የአውሮፓን ቴአትር ቤቶች አይተው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱ አዲስ አበባ ውስጥ በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። በአውሬዎቹ ንግግር የተነቀፈው ግን የዘመኑ አስተዳደር ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፤ ጀማሪው ጥበብም ለዓመታት ተቀጨ።

ቴአትር እንደገና ያንሰራራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ለትምህርት ቤት መድረኮች ተውኔቶችን ያዘጋጁ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለማነቃቃት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ የሀገር ፍቅር ቴአትርም ከዚያ ወጣ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የሴቶችን ሚና ወንዶች ይጫወቱ ነበር። በሼክስፒር ዘመን በነበረችው ለንደንም ልማዱ ይኸው ነበር። በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ትልልቅ የውጭ ተውኔቶችን ለማሳየት የሚበቃ መድረክም ተገኘ።

ሼክስፒርን ለአማርኛ አንባቢ ቀድመው ካስተዋወቁት አንዱ «ሮሜዎና ዡልየት»ን ያቀረቡት ከበደ ሚካኤል ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ንጉሥ ሊር»ን ወደ አማርኛ መለሰ። ጸጋዬ ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትርን በቅርብ አጥንቷል። የሼክስፒርን ረጃጅም ንግግሮች የተሸከመለት በስሙ «የጸጋዬ ቤት» የሚባለው ረዘም ያለ ስንኝ ነው።

ስመ ጥር የሆኑት እነዚህ ትርጉሞች ሁሉ አሳዛኝ ተውኔቶች ናቸው። ለዚህ ሁለት ነገሮች ሳያግዙ አልቀሩም። አንደኛ፣ የንጉሥ ክብር፣ የባለሟል ሸፍጥና የሥልጣን ጥማት በዘውድ ሥር ለኖረ ተመልካች እንግዳ አልነበሩም። ሁለተኛ፣ የሼክስፒር ሳቅ የሚፈልቀው ከእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታና በዘመኑ ከነበረው የለንደን ወግና ቀልድ ነው። ሐዘን ቋንቋ ሲሻገር ብዙ አይጎድልበትም፤ ቀልድ ግን በአዲሱ ቋንቋ እንደገና መፈጠር አለበት።

ኮሜዲ ወደ አማርኛ መድረክ በሌላ በር ገባ። ጸጋዬ የሞልየርን «ታርቱፍ» እና «የፌዝ ዶክተር» አቀረበ። መንግሥቱ ለማ ደግሞ በ«ያላቻ ጋብቻ» እና በ«ጠልፎ በኪሴ» ሳቁን ከኢትዮጵያ ማኅበራዊ ኑሮ አወጣው። የመጀመሪያው ተውኔት በዘርና በማዕረግ የሚመዘንን ትዳር፣ ሁለተኛው የጠለፋን ልማድ ይመረምራል። ጉዳያቸው ከሼክስፒር ኮሜዲዎች የራቀ አይደለም። «የበጋ ሌሊት ሕልም» የሚጀምረው አባቷ ለመረጠላት ባል እንድትዳር በምትገደድ ልጅ ነው፤ በ«አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ደግሞ አንድ የቤት አዛዥ ከእመቤቱ ጋር ጋብቻ ይመኛል። ፍቅርና የቤተሰብ ፈቃድ ሲጋጩ የሚፈጠረው ሳቅ በሁለቱም አገር አለ።

ቋሚ ቴአትር ቤቶች በአዲስ አበባ ቢሰባሰቡም ጥበቡ እዚያ ተወስኖ አልቀረም። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች እስከ አውራጃና ቀበሌ ድረስ ተዘረጉ። ከአውራጃ ከተሞቹ አንዷ ቦንጋ ስትሆን፣ ያን ጊዜ መዲናው ጅማ በሆነው በካፋ ክፍለ ሀገር የካፋ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ቡድኖቹ የሚያቀርቧቸው ዘፈኖች፣ ጭውውቶችና አጫጭር ድራማዎች ለፖለቲካ ቅስቀሳ የታሰቡ ቢሆኑም፣ ብዙ የክፍለ ሀገር ወጣት መድረክን የለመደው በእነሱ ነው። በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፈት ሙያው የትምህርት መሠረት አገኘ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የካፋ ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ካፊኖኖ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ቦንጋ ከክልሉ መዲናዎች አንዷ ሆነች።

የካፋ ትውፊት ለኮሜዲ የሚሆን ሀብት አለው። በመስከረም የሚከበረው የካፋ ዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሬ ባሮ፣ ሕዝብ በአደባባይ ተሰብስቦ የሚዘፍንበትና የሚጨፍርበት በዓል ነው። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበው የካፋ ደን የዱር ቡና መገኛ ነው። በሼክስፒር «የበጋ ሌሊት ሕልም» እና «እንደወደዳችሁት» ውስጥም ደን የታሪኩ ማዕከል ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ከከተማና ከቤተ መንግሥት ሕግ ሸሽተው የሚገቡት ወደዚያ፣ ማንነታቸው ተለውጦ የሚወጡትም ከዚያ ነው። እንዲህ ያለ ተውኔት በካፋ መድረክ ሲዘጋጅ የአቴናው ደን የካፋ ደን መሆን ይችላል።

ለእንዲህ ያለው ዝግጅት ያለፈው ታሪክ መንገዱን ያሳያል። ተክለ ሐዋርያት የላፎንቴንን ተረት ለኢትዮጵያ ሹማምንት መስታወት አድርገውታል፤ ጸጋዬ የሼክስፒርን ግጥም በአማርኛ ስንኝ አዋቅሯል፤ መንግሥቱ ለማ የጋብቻን ኮሜዲ ከአገር ልማድ ቀድቷል። በአማርኛ የሚዘጋጅ የሼክስፒር ኮሜዲ የቃላት ጨዋታውን በሰምና ወርቅ፣ በካፊኖኖ የሚዘጋጅ ደግሞ በካፋ ምሳሌያዊ አነጋገርና ተረት መተካት ይኖርበታል። የውጭ ተውኔት በኢትዮጵያ መድረክ የተሳካለት የአገሩን አነጋገርና ልማድ በያዘ ቁጥር ነው።