የሬዲዮ ጣቢያ መትከልና ማኖር
ስለ አካባቢ ሬዲዮ የገንዘብ ምንጭ፣ ከዋግ ኽምራ ሲታይ

በልጅነቴ በሰቆጣ ዙሪያ ሬዲዮ ያለበት ቤት የመንደሩ ሁሉ ቤት ነበር። መሣሪያው የአንድ ሰው ንብረት ይሁን እንጂ፣ የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ጎረቤቱ ሳንቲም ያዋጣ ነበር፤ አዲሱ እስኪገዛም ድረስ የደከመው ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ጊዜ ያናግር ነበር። ስለ አካባቢ ሬዲዮ ገንዘብ የሚነሣው ዋና ጥያቄ በዚያች መዋጮ ውስጥ እንደ ነበረ የተረዳሁት መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ ነው። መሣሪያውን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛዋል፤ ድምፁን ግን ዕለት ዕለት የሚያኖረው ማን ነው?

የአገራችን የሬዲዮ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥቷል። የመጀመሪያው መልስ መንግሥት ነው። በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ሥራ የጀመረው ጣቢያ የመንግሥት ነበር፤ ከጠላት ወረራ በኋላም ሬዲዮ በመንግሥት በጀት ቀጥሏል። ሁለተኛው መልስ የውጭ አገር ለጋሽ ነው። በየካቲት 1955 ዓ.ም. የተመረቀው ብሥራተ ወንጌል የሬዲዮ ጣቢያ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሲሆን፣ ወጪው በውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት ይሸፈን ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወርሶት የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማሠራጫው ያው ሆኖ ሳለ ከፋዩ ሲለወጥ ንግግሩም ተለወጠ። በሁለቱም ዘመን አድማጩ አልከፈለም።

ሦስተኛው መልስ በሕግ የመጣ ነው። የብሮድካስት አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 533/1999 ሥርጭትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለው። የማኅበረሰብ ጣቢያ ለትርፍ የማይሠራ፣ በማኅበረሰቡ ፈቃድና ፍላጎት የሚቋቋም ነው። በየክፍለ ሀገሩ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ሲተከሉ፣ ጅማ ላይ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ጣቢያ ሲያቆም፣ ሰቆጣም የዋግ ኽምራን የማኅበረሰብ ሬዲዮ አገኘች። ከባሕር ዳር የሚሠራጨው የክልሉ ሬዲዮ በኽምጣጝኛ ዝግጅት አለው፤ ነገር ግን ሰዓቱ ለብዙ ቋንቋዎች የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ የአካባቢው ጣቢያ ለኽምጣጝኛ ተናጋሪ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አይደለም።

ይሁን እንጂ የዋግ መልክዐ ምድር ገንዘብ ይበላል። የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ ዓይን የሚያየውን ያህል ይሄዳል። ሠላሳ ሜትር ከፍታ ካለው ምሰሶ ላይ የወጣ ሞገድ በሜዳ አገር አድማሱ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ፣ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ግን ተራራው ያግደዋል፤ በገደሉ ጥላ ሥር ያለ መንደር ቅርብ ሆኖም አይሰማም። ይህንን ለማለፍ በየተራራው ራስ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ማሠራጫ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱም ኃይል፣ ዘበኛና መንገድ ይፈለግለታል። አንድ ኪሎዋት የሚያሠራጭ መሣሪያ ከመስመር 1.6 ኪሎዋት ያህል ቢስብና በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ፣ በዓመት ወደ 7,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። መብራት ሲጠፋ ነዳጅ ይገዛል። ሰቆጣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ በነበረችበት ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ የሚነገር እውነተኛ ወሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈለገው ያን ጊዜ ነበር።

ለመሆኑ ይህን ወጪ ማን ይችለዋል? ማስታወቂያ እንዳንል፣ ድርቅ በሚመላለስበት አገር የነጋዴው አቅም ትንሽ ነው። የአየር ሰዓት የሚገዙት በአመዛኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ፕሮጀክቶች ናቸው፤ ፕሮጀክት ደግሞ የሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ ተጽፎ ይመጣል። እንግሊዞች ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ባለ ሬዲዮውን በዓመት ዐሥር ሽልንግ አስከፍለው ጣቢያቸውን አኖሩ፤ ይህ ግን ባለ ሬዲዮውን የሚቆጥርና የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት ይሻል። በአሜሪካ የአድማጭ ስጦታና የመንግሥት ድጎማ አብረው ሲሠሩ ኖረዋል፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ግን የአገሩ ምክር ቤት ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሰርዝ፣ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡት የገጠር ትንንሽ ጣቢያዎች ናቸው። በሀብታም አገርም ቢሆን በአንድ ከፋይ ላይ የተደገፈ ጣቢያ ከፋዩ ፈቀቅ ሲል ይወድቃል።

እንግዲህ እንደ እኔ አስተያየት ለዋግ የሚበጀው ድብልቅ መንገድ ነው። ምሰሶውንና ማሠራጫውን መንግሥት ወይም ለጋሽ ይትከል። የዕለቱ ወጪ ግን ከፊሉ በእድርና በማኅበር በኩል ከሚሰበሰብ መዋጮ፣ ከፊሉ ሒሳቡ በገሃድ ከሚነገር የአየር ሰዓት ሽያጭ ይሸፈን። መዋጮው ከወጪው ዐሥረኛውን እንኳ ባይሸፍን፣ የከፈለ አድማጭ ይጠይቃል፤ የሚጠየቅ ጣቢያም ለአንድ ጌታ ብቻ አያድርም።

የእኛም የሞያ ድርሻ ቀላል አይደለም። በዚያ አገር ፀሐይ አትጠፋም፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማሠራጫ ሲተከል ዋጋው ከፍ ቢልም፣ የዓመት የነዳጅ ወጪን ይቀንሳል። ማናችንም ብንሆን የጣቢያ ንድፍ ስንሠራ፣ ከመሣሪያው ዋጋ ጎን የዐሥር ዓመት ማኖሪያውን፣ ማለትም የባትሪ ቅያሪውን፣ የመለዋወጫ ዕቃውንና የጥገና ሠራተኛውን ደመወዝ ጽፈን፣ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ መፈረም የለብንም። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ድምፁ የተቋረጠ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው ንድፉን በሠራነው ላይ ሳይሆን፣ በገደል ማዶ ሬዲዮውን ከፍቶ በሚጠብቀው ሰው ላይ ነው።