በርገር ፍለጋ ወጥቼ

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ሐምሌ ከዋሽንግተን መጥቶ እኛ ዘንድ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ግን አማርኛውን ያልነፈገችው የ17 ዓመት ጎረምሳ ነው። አያቱ ዶሮውንም፣ ጥብሱንም፣ ቅቅሉንም እያቀራረበች ስታጎርሰው በትሕትና ይቀበላል። አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የአዲስ አበባ ምርጡ በርገር የት ነው?» አለኝ።

ለአዲስ አበባ ልጅ ይህም ጥያቄ ሆኖ! አንድ የፒያሳ ቤት ልጠራለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ያ ቤት የለም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፍኩ ዕለት አባቴ የወሰደኝ እዚያ ነበር። ከፍ ካለ ወንበር ላይ አስቀምጦ ለእኔ በርገር፣ ለራሱ ማኪያቶ አዘዘ። «አባዬ፣ አንተስ?» ብለው፣ «እኔ በልቼ ነው የወጣሁት» አለኝ። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤቱም በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ለልጁ መልስ ለመስጠት ከተማዋን እንደ አዲስ መዞር ነበረብኝ። ሆኖም አንድ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ የምፈልገውን ነገር ታሪክ ሳላውቅ ፍለጋ አልወጣም።

ለመሆኑ በርገር የማን ልጅ ነው? ከስሙ እንጀምር። በልጅነቴ በየካፌው የምግብ ዝርዝር ላይ የሚጻፈው «ሀምበርገር» ተብሎ ነበር። የእናቴ አክስት ይህን ሰምተው፣ «ሀም የአሳማ ሥጋ አይደለም እንዴ? ልጁን ምን እያበላችሁት ነው?» ብለው ቤቱን ማተራመሳቸውን አስታውሳለሁ። በእርግጥ በእንግሊዝኛ «ሀም» የአሳማ ጭን ነው። የበርገር ስም ግን ከአሳማ ጋር ዝምድና የለውም። የመጣው ከጀርመኗ የወደብ ከተማ ከሀምቡርግ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያ ወደብ ተሳፍረው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ብዙዎች ነበሩ። በኒውዮርክ ምግብ ቤቶችም «የሀምቡርግ ስቴክ» እየተባለ፣ ተከትፎ ወይም ተፈጭቶ የተጠበሰ የከብት ሥጋ ይሸጥ ነበር። ያ ግን ሳህን ላይ ቀርቦ በሹካ የሚበላ ነው፤ ዳቦ አልነበረውም።

ታዲያ ዳቦ ውስጥ የከተተው ማን ነው? ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዊስኮንሲን ግዛት የሲሞር ከተማ ሰዎች፣ ቻርሊ ናግሪን የሚባል የ15 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1885 በአንድ የገበሬዎች ትርኢት ላይ ሥጋው እየሄደ ለሚበላ ሰው አልመች ቢለው ጠፍጥፎ በዳቦ መሐል አደረገው ይላሉ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ግዛት፣ ሀምቡርግ በምትባል ሌላ ከተማ፣ የሜንቸስ ወንድማማቾች ሠሩት የሚሉም አሉ። በኮኔቲከት ግዛት ኒው ሄቨን ከተማ ያለው ሉዊስ ላንች የተባለው ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1900 የጀመርኩት እኔ ነኝ ባይ ነው። ይህ ቤት እስከ ዛሬ ሥጋውን የሚያቀርበው በተጠበሰ ቁራሽ ዳቦ መሐል ሲሆን፣ ካቻፕ ለሚጠይቅ ደንበኛ መልሱ «የለም» ነው።

ከአባትነቱ ክርክር ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የተፈጨ ሥጋ ገመናውን ይደብቃል። ጥብስ ስታዝዙ ሽንጡን ከጎድኑ፣ ትኩሱን ከከረመው በዓይናችሁ ትለያላችሁ። ከመፍጫው የወጣውን ግን ማን ያውቃል? አፕተን ሲንክሌር የቺካጎን ቄራዎች ጉድ ያወጣበት ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1906 በመጽሐፍ መልክ ሲታተም አሜሪካውያን ደነገጡ፤ በዚያው ዓመትም የሥጋ ምርመራ ሕግ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1921 በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ «ኋይት ካስል»፣ ማለትም ነጭ ግንብ፣ የሚባል ቤት ሲከፈት ባለቤቶቹ ይህን ፍርሃት በሚገባ ያውቁ ነበር። ግድግዳውን ነጭ አደረጉት፤ ሥጋውንም ደንበኛው እያየ ይጠብሱለት ጀመር። ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። ሕዝቡም አመነ።

ቀጥሎ የመጡት የማክዶናልድ ወንድማማቾች ናቸው። በካሊፎርኒያ ግዛት ሳን በርናርዲኖ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940 የከፈቱትን ቤት በ1948 ለጊዜው ዘግተው አስተናጋጆቹን አሰናበቱ፤ የምግቡን ዝርዝር ወደ ዘጠኝ ዓይነት ቀነሱና በርገሩን በ15 ሳንቲም እንደ ፋብሪካ ዕቃ በሰልፍ ያመርቱት ጀመር። ከዚያ ወዲህ በላተኛው የሚያምነው ጠባሹን ሳይሆን የቤቱን ምልክት ሆነ። ምልክት ደግሞ ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1993 በምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች በሚገባ ባልበሰለ በርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞቱ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ የሚቀመጠው ከላይ ስለሆነ እሳት ያገኘዋል፤ ሥጋው ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል።

ወደ እኛ እንመለስ። እኛ ሥጋ አድቅቆ ለመብላት ሀምቡርግን አልጠበቅንም። ክትፎ ስሙ ራሱ እንደሚነግረን ይከተፋል እንጂ አይፈጭም። ሥጋው የዕለቱ ነው፤ ጅማቱ በእጅ ይለቀማል፤ ቢላዋው ስለታም ነው፤ ቅቤና ሚጥሚጣው ይከተላል። ይህ ማለት ግን ጥሬ ሥጋ አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ አያቶቻችን በየጊዜው እየተንገሸገሹ ኮሶ የጠጡት በትርፍ ጊዜያቸው አልነበረም።

የመተማመኑን ጉዳይ የያዘልን ሉካንዳው ነው። ሉካንዳ የሚለው ቃል የጣሊያን ሲሆን በአገሩ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሥጋ ቤት ሆኖ ቀረ። ፉርኖ ዳቦም እንዲሁ ነው፤ ፎርኖ በጣሊያንኛ መጋገሪያ ምድጃ ነው። የአዲስ አበባ ሉካንዳ ሥጋውን በመንጠቆ ሰቅሎ ያሳያል። ገዥው «ከዚህ ቁረጥልኝ፣ ጮማውን አትንካ» እያለ ያዝዛል። በበሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ ከብቱን ማን እንዳረደው ይነግራል። እንግዲህ በርገር ወደዚህ ከተማ ሲገባ ይህን ሁሉ ጥያቄ በሁለት ዳቦ መሐል ሸፍኖ ነው የገባው።

ይህን ይዤ ፍለጋ ወጣሁ። ረቡዕና ዓርብ እንደሆነ የበርገር ፈላጊ ሥራ ፈት ነው፤ «የጾም በርገር» የሚባለው የምስር ጥፍጥፍ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። በቀሩት ቀናት ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ ዞርኩ። የሁሉም ችግር አንድ መሰለኝ። ለበርገር የሚመከረው ሥጋ ከመቶ 20 እጅ ያህል ጮማ ያለው ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ግን ቀዩን ብቻ ይፈጩና ሲደርቅባቸው እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ይጨምሩበታል። ያ ደግሞ በርገር ሳይሆን የተጠበሰ ቂጣ ይሆናል። አንዳንዱም ድርቀቱን በማዮኔዝ ጎርፍ ያጥበዋል። ሥጋው ከየት እንደመጣ ስጠይቅ የማገኘው መልስ፣ «ከማቀዝቀዣው» የሚል ነበር።

ልጁ ሊሄድ አራት ቀን ሲቀረው ቄራ አካባቢ አንዲት አምስት ጠረጴዛ ያላት ቤት አገኘሁ። ጠባሹ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በርገር ስል ሥጋ መፍጫ አላወጡም፤ ልጅ ጠርተው አጠገባቸው ወዳለው ሉካንዳ ላኩት። «ከዳቢቱ፣ ትንሽ ከፍሪምባው ጮማ ጨምሮ ይስጥህ» አሉት። የመጣውን ሥጋ እፊቴ ከተፉት፤ ሳይጫኑ በእጃቸው ጠፈጠፉት፤ ጨው የነሰነሱበት የብረት ምጣዱ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ብቻ ነው። ላዩ ቡናማ ሆኖ እስኪጠብስ ድረስም አልነካኩትም። «መፍጫ የለዎትም?» ብላቸው፣ «አለ፤ ለማላውቀው ሥጋ ነው» አሉና ሳቁ።

ቀመስኩት። የፒያሳው ጣዕም ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አይደለም። የፒያሳውን ሥጋ ማን እንደከተፈው አላየሁም፤ ያየሁት አባቴን ነው። ያም ሆነ ይህ፣ በዚህች ከተማ ከበላሁት ሁሉ ግን ምርጡ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ልጁን ይዤው ሄድኩ። ማክዶናልድ ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርንጫፍ እንደሌለው ስነግረው መንገዱን ሙሉ አላመነኝም ነበር። ሉካንዳው በር ላይ አቁሜ የተሰቀለውን ሥጋ አሳየሁት፤ ዳቢቱን፣ ሻኛውን፣ ፍሪምባውን በስም በስማቸው ነገርኩት። የጽሑፍ ክፍያዬ ገና አልደረሰኝም ነበርና ገብተን ስንቀመጥ ለእሱ በርገር፣ ለእኔ ማኪያቶ አዘዝኩ።

«ጋሼ፣ አንተስ?» አለኝ።

«እኔ በልቼ ነው የወጣሁት።»

አንድ ጊዜ ገመጠና ዝም አለ። ሁለተኛ ገመጠ። ከዚያ ጠባሹን ሚጥሚጣ አስመጣና ነሰነሰበት፤ ከዳቦው ጋር ጠቅልሎ ቆርሶም አያቱ እንዳስተማረችው እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። ጎረስኩ። ሚጥሚጣው በዝቶበታል።