«መጫን»፣ «ማራገፍ»፣ «ነጂ»፦ ከቡሬ መንገድ እስከ ኮምፒዩተር

የቴክኖሎጂ ስያሜ የሚገኘው አዲስ ቃል በመፍጠር ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ነባሩ ቃል አዲስ ፍች ይሸከማል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በግል ኮምፒዩተር ላይ የአንድን መሣሪያ፣ ለምሳሌ የማተሚያን፣ ነጂ ስለ መጫንና ስለ ማራገፍ የሚነገሩትን ሦስት ቃላት ነው።

ሦስቱም የጭነት ከብት መንገድ ቃላት ናቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በ1902 እ.ኤ.አ. በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ በክረምትም ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሻገር ነበር። እንዲህ ባለው መንገድ በቅሎ ይጫናል፤ ነጂው ይነዳል፤ ከማደሪያ ሲደረስ ጭነቱ ይራገፋል። በአካባቢው በሚነገረው ኦሮምኛም «ፌኡ» ጭነትን መጫን ነው።

«ነጂ» ከ«ነዳ» የወጣ ሲሆን፣ በሌሎች የባለቤት ስሞች እንደሚታየው «ደ» ወደ «ጀ» ተለውጧል። የእንግሊዝኛው አቻም አስቀድሞ ከብት የሚነዳን ሰው የሚያመለክት ነበር። በአንጻሩ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ሾፌር» የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚያነድን ሠራተኛ ያመለክት ነበር፤ «አሽከርካሪ» ደግሞ የተሽከርካሪን መንኰራኵር ያስታውሳል። ስለዚህ «ነጂ» ይበልጣል። የፕሮግራሙ ተግባር የሥርዐቱን አጠቃላይ ትእዛዝ ለመሣሪያው በሚገባው መንገድ ማቅረብ ስለ ሆነ «አስተርጓሚ» ይሻላል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ይህ ቃል መሥመር በመሥመር ለሚተረጕሙ ሌሎች ፕሮግራሞች ያስፈልጋል።

ኤምኤስ-ዶስ 2.0 በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ተጠቃሚው በሥርዐቱ መነሻ ፋይል ላይ አንዲት መሥመር ጽፎ ነጂ መጨመር ቻለ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 95 አዲስ የተሰካን መሣሪያ ራሱ ለይቶ ነጂውን ወደ መፈለግ ተሸጋገረ። ሥራው ሲቀል ግን የትርጕሙ ችግር አልቀለለም። በቅሎ ነጂው ጭነቱን የሚያወርደው ከጉዞው በኋላ ነው፤ የኮምፒዩተር ተጠቃሚ ግን አስቀድሞ ነጂውን ከኢንተርኔት «ያወርዳል»፣ ቀጥሎ «ይጭናል»።

ከዚህ የሚብሰው «ማራገፍ» ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ነጂዎች በአንድ ማከማቻ ይቀመጣሉ፤ መሣሪያው ከዝርዝሩ ቢነሣም የነጂው ፋይሎች ከማከማቻው ካልወጡ፣ ኮምፒዩተሩ ዳግም ሲነሣ አሮጌው ነጂ ይመለሳል። በቡሬ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ በመመሪያው እንደ ታዘዘው ደጋግሞ «አራገፈ»፣ አሮጌው ነጂም ደጋግሞ ተመለሰ። መመሪያው ሁለቱን የተለያዩ ሥራዎች በአንድ «አራግፍ» ጠርቷቸው ነበር። ተርጓሚው እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ መሣሪያውን ከነጂው ማላቀቅ «ማራገፍ»፣ የነጂውን ፋይሎች ከማከማቻው ማውጣት «ማስወገድ» ቢባል እላለሁ፤ «መሰረዝ» የተጀመረን ሥራ ለማቋረጥም ስለሚያገለግል አይመችም። ጭነቱ ከበቅሎው ጀርባ ወረደ ማለት ከግቢው ወጣ ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ነጋዴው ያውቀው ነበር፤ ተርጓሚውም ሊጠብቀው ይገባል።