ወንበርና ዳርቻ

አባቶቻችን አገርን በአየሩ ከፍለው ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ አሉት። ነጋዴው በገበያው ይከፍለዋል፤ የቡናው መንገድ እስከ ደረሰበት ድረስ ለእርሱ አንድ አገር ነው። መንግሥት ደግሞ ሦስተኛውን መስመር ያሠምራል፤ ጠቅላይ ግዛት፣ ክፍለ ሀገር፣ ክልል ይለዋል። የመጀመሪያውን ተፈጥሮ፣ ሁለተኛውን ንግድ፣ ሦስተኛውን ብዕር ሠራው። በአካባቢዎች መካከል ላለው የኑሮ ልዩነት ግን የብዕሩ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ሐዋሳን እንመልከት። የሲዳሞ መቀመጫ ቀድሞ ይርጋለም ነበረች። በ1950ዎቹ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ሐዋሳ በኋላ መቀመጫነቱን ወሰደች። የይርጋለም አፈርም ቡናም አልተለወጠም፤ የተነሣው ወንበሩ ነው። ከወንበሩ ጋር ግን መሥሪያ ቤቱና ደመወዙ ይሄዳሉ። እኔ የምሠራበት ሙያም ከዚህ አያመልጥም፤ ባንክ ቅርንጫፉን የሚከፍተው ገንዘብ ወደሚዘዋወርበት ነው። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ።

ቦታ የሚመርጠው ወንበር ብቻ አይደለም፤ ዕቅድም ይመርጣል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የልማቱ ዓይን አዋሽ ላይ አረፈ። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በካርታው ላይ ባዶ ቆላ የመሰለው፣ ለጥጥና ለሸንኮራ የተያዘው የወንዝ ዳርቻ ግን የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ነበር። የአገር ምርት አደገ፤ የግጦሹ ባለቤት ግን ዳር ቀረ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን የኋላ ዕዳ አልዘነጋም፤ አንቀጽ 89 በልማት ወደ ኋላ ለቀሩት መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዝዛል። አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ «ታዳጊ ክልሎች» የተባሉትም ከዚሁ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ድጋፉ የሚለካው በክልል ነው፤ በአንድ ክልል ውስጥ በመቀመጫውና በዳርቻው ቀበሌ መካከል ያለው ርቀት ከስሌቱ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የማንነት ጥያቄን መለሰ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደግሞ መቀመጫውን ለወላይታ ሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላና ለሌሎችም ከተሞች አከፋፈለ። ወንበር ሀብት መሆኑን ሕዝቡ ከይርጋለም ዘመን ጀምሮ ያውቃልና አያስደንቅም።

ወንበሩን ማከፋፈል መልካም ጅምር ነው። ግን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እንዲሉ፣ መንገድና ውኃ ካልደረሰበት ቀበሌ ዕድገት መጠበቅ ከንቱ ነው። አዲሱ መስመር የሚመዘነውም ከተማው ባገኘው ሕንፃ ሳይሆን፣ ከከተማው ርቆ በሚገኘው የገጠር ደጅ ነው።