ከጨዋታ ስም ወደ ሙያ ቃል፦ የሚና ጨዋታ ገጸ ባሕርያት አሰያየም ታሪክና የተርጓሚው ድርሻ

የተጸውዖ ስም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቦታ የለውም የሚለው አስተሳሰብ ዘመናትን ያስቆጠረ ነው። ስም አንድን ሰው ወይም አንድን ስፍራ ለይቶ ያመለክታል እንጂ ፍች አይሰጠውም በሚል ምክንያት የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ወደ ጎን ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ስም የስምነቱን ወሰን አልፎ የሙያ ቃል የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ የታወቀ ነው። ቮልት፣ ዋትና አምፔር የምንላቸው መለኪያዎች በመጀመሪያ የሰዎች ስሞች ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይኸው ለውጥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተፈጸመበትን አንድ መስክ ነው፤ ይኸውም በገበታ ዙሪያ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስገነዝባለን።

የሚና ጨዋታ ስንል ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ አንድ የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ወክሎ፣ ከመካከላቸው አንዱ ተራኪና ዳኛ ሆኖ፣ አጠራጣሪው ውጤት ሁሉ ቁጥር በተጻፈበት ዳይስ እየተወሰነ በቃል የሚካሄደውን ጨዋታ ማለታችን ነው። ተጫዋቹ የገጸ ባሕርይውን ጉልበት፣ ብልሃትና ንብረት የሚመዘግብበት ወረቀት አለው። በዚያ ወረቀት ራስ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ስም ነው።

፩. ስም ያስፈለገበት ምክንያት

የሚና ጨዋታ የተወለደው ከጦርነት ጨዋታ ነው። በጦርነት ጨዋታ ተጫዋቹ የሚያዝዘው ክፍለ ጦርን ስለሆነ የግል ስም አያስፈልገውም ነበር። በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ አሜሪካዊ በሚኒሶታ «ብራውንስታይን» ብሎ በሰየማት የፈጠራ የጀርመን ከተማ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የከንቲባነትን የመሰለ የግል ሚና ሰጠ። ዴቭ አርነሰን ይህን አሠራር ከ1971 ጀምሮ «ብላክሙር» ወደተባለው የፈጠራ ምድር አዛወረው። ከዚያም አርነሰንና ጋሪ ጋይጋክስ በ1974 «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት አሳተሙ፤ የመጀመሪያው እትም አንድ ሺህ ቅጂ ነበር። ተጫዋቹ ከክፍለ ጦር አዛዥነት ወደ አንድ ሰው ወካይነት ሲወርድ፣ ያ ሰው የሚጠራበት ስም የግድ ሆነ። የአሰያየሙ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

፪. በገበታ ላይ የተወለዱ ስሞች

የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ስም ያወጡት በጥናት አልነበረም፤ በጨዋታው መካከል፣ በቸኮለ እጅ ነበር። ከታወቁት ስሞች በመነሣት የተከተሉትን ስልት በአራት ልንከፍለው እንችላለን።

አንደኛው ማሳጠር ነው። የጋይጋክስ ልጅ ሉክ ለገጸ ባሕርይው ስም ገና ሳያወጣ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ፆታውና ዘሩ፣ ማለትም ወንድ ኤልፍ መሆኑ ብቻ ነበር። ወንድ ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቆመው «ኤም» የተባለው ፊደል «ኤልፍ» ከሚለው ቃል ጋር ተጋጥሞ «ሜልፍ» የሚለውን ስም አስገኘ። በእኛ አጻጻፍ «ኃ/ማርያም» እንደምንለው ያለ ምሕጻር ሙሉ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፊደላትን ማዘዋወር ነው። «ድራውሚጅ» ጂም ዋርድ የተባለው ተጫዋች ስም ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የሚገኝ ነው። «ቴንሰር» ኧርነስት ከተባለው ከሌላው የጋይጋክስ ልጅ ስም ፊደላት የተሠራ ነው። በ1976 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ በእጁና በዓይኑ የተጠቀሰው ክፉ ጠንቋይ «ቬክና» ደግሞ የተሰየመው የጃክ ቫንስን የቤተሰብ ስም ፊደላት በማፈራረቅ ነው። ቫንስ ጠንቋይ ያነበነበው ድግምት ወዲያው ከአእምሮው የሚጠፋበትን፣ ጨዋታው የወረሰውን ሐሳብ በልብ ወለዶቹ ያቀረበ ደራሲ ነው።

ሦስተኛው ቤት ማስመታት ነው። የጋይጋክስ ገጸ ባሕርይ «ቢግቢ» የተባለ ጠንቋይን ተከታይ ባደረገ ጊዜ፣ የጨዋታው ዳኛ ሮብ ኩንትዝ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ተከታዮች ሁሉ ከዚህ ስም ጋር ቤት በሚመታ ስም እንዲጠሩ ወሰነ፤ ስለዚህም ሪግቢ፣ ዚግቢና ዲግቢ ተከተሉ።

አራተኛው የባዕድ ቋንቋን ድምፅ መዋስ ነው። የጋይጋክስ ዋና ገጸ ባሕርይ «ሞርደንካይኔን» የተቀረጸው በፊንላንድ አፈ ታሪክ ስሞች አምሳያ ነው። መድረሻው «ኔን» በዚያች አገር ስሞች ላይ በብዛት ይገኛል። በዚህ አጋጣሚ ይህን መድረሻ «ነን» ብሎ መጻፍ የአማርኛ አንባቢን ወደ ሌላ ፍች እንደሚመራው ልብ ይሏል።

እነዚህ ስሞች በፊደላችን ሲጻፉ ምን እንደሚገጥማቸው መመልከት ለሥነ ልሳን አጥኚ ጠቃሚ ነው። የላቲን ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ሲጽፍ የእኛ ፊደል ግን አጣምሮ ይጽፋል። ስለሆነም «ጂም ዋርድ»ን በፊደላችን ብንገለብጠው የምናገኘው «ድርዋምጂ» እንጂ «ድራውሚጅ» አይደለም። «ቬክና»ም ከ«ቫንስ» ጋር ያለው ዝምድና ፈጽሞ ይሰወራል፤ አንዱ የላቲን ፊደል በአንደኛው ስም «ስ»፣ በሌላው «ክ» ተብሎ ይነበባልና። በአንጻሩ «ኧርነስት» እና «ቴንሰር» የሚጋሯቸው ተነባቢዎች ር፣ ን፣ ስ፣ ት ስለሆኑ፣ የግሥን ሥር በተነባቢዎች ለይቶ ማየት የለመደ አንባቢ ዝምድናቸውን ሳይቸገር ያገኘዋል። እንግዲህ አንዱ የቃል ጨዋታ በፊደል ለውጥ ሲሞት ሌላው ሊተርፍ ይችላል።

፫. ስም የሙያ ቃል ሲሆን

በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መመሪያ እነዚህን የገበታ ስሞች ለድግምቶች መጠሪያነት አዋላቸው። የቴንሰር ተንሳፋፊ ዝርግ፣ የቢግቢ ጨፍላቂ እጅ፣ የድራውሚጅ ቅጽበታዊ ጥሪ የሚሉ ስያሜዎች በመመሪያው ሰፈሩ። የሜልፍ የአሲድ ፍላጻም በ1985 በታተመው ተጨማሪ መጽሐፍ ተካተተ። የአንድ ቤተሰብና የጥቂት ወዳጆች ቀልድ የነበረው ነገር ትርጓሜው፣ ወሰኑና ውጤቱ በቁጥር የተወሰነ ስያሜ ሆነ። ኧርነስትን አይቶ የማያውቅ ተጫዋች «ቴንሰር» ሲል የሚያስበው ሸክም የሚጫንበትን ተንሳፋፊ ዝርግ ነው። ቮልት ሲል ስለ ሰውየው የማያስብ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ሁኔታው እንደዚሁ ነው።

፬. ስም ንብረት ሲሆን

ሙያ ቃል የሆነ ስም ባለቤት ይፈለግለታል። የመጀመሪያው እትም ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከጄ. አር. አር. ቶልኪን የተወሰደውን «ሆቢት» የሚለውን ስም ይጠቀም ነበር። የንግድ መብቱ ባለቤቶች ተቃውሞ ካነሡ በኋላ ግን ከ1977 ጀምሮ «ሀልፍሊንግ» በሚል ተተካ። ፍጡሩ ሳይለወጥ ስሙ ተለወጠ ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሁኔታው ተገላበጠ። በ2000 የጨዋታው አሳታሚ ሌሎች አሳታሚዎች በነጻ እንዲጠቀሙበት የፈቀደውን የደንብ ሰነድ ሲያወጣ የጠንቋዮቹን ስሞች ለራሱ አስቀረ። በሰነዱ ውስጥ የሚገኘው የሜልፍ ሳይሆን የአሲድ ፍላጻ ብቻ፣ የቢግቢ ሳይሆን ጨፍላቂ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሁለት ስያሜዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ምክንያቱን የማያውቅ ተርጓሚ ሁለቱን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች አድርጎ ቢተረጉማቸው አያስገርምም። የስም ታሪክ ለተርጓሚ ጌጥ ሳይሆን መሣሪያ ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

፭. የቶልኪን መመሪያ

የገጸ ባሕርያትን ስም ስለመተርጐም ራሱ ስም አውጪው መመሪያ የጻፈበት አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም፤ ቶልኪን ግን ጽፏል። የቋንቋ ታሪክ ሊቅ የነበረው ይህ ደራሲ በ1937 ባሳተመው መጽሐፉ የድንኮቹን ስሞች የወሰደው «ቮሉስፓ» ከተባለው ጥንታዊ የአይስላንድ ግጥም ነበር፤ ሌሎቹን ደግሞ ራሱ ከፈጠራቸው ቋንቋዎች ሰዋስው አውጥቷል። የኋለኛው ትልቅ ሥራው ወደ ደችና ወደ ስዊድንኛ ሲተረጐም በስሞቹ አያያዝ ቅር ስለተሰኘ፣ ከእርሱ ሞት በኋላ በ1975 የታተመውን መመሪያ ለተርጓሚዎች አዘጋጀ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፍቹ የሚሰማ ስም በተቀባዩ ቋንቋ በፍቹ ይተርጐም፤ በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ስም ሁሉ ግን እንዳለ ይቆይ። ይህ ደንብ ለልብ ወለድ ተርጓሚ በቂ ቢሆንም ለሚና ጨዋታ ተርጓሚ ግን አይበቃም፤ በጨዋታው ውስጥ ፍች የሌለው ስም፣ ፍቹ የተደበቀ ስምና በሕግ የታሰረ ስም አብረው ይገኛሉና።

፮. የስም ዝርዝርና የእኛ ስሞች

በኋላ ዘመን የጨዋታው መጻሕፍት ተጫዋቹ በዳይስ የሚመርጣቸውን የስም ዝርዝሮች ማቅረብ ጀመሩ። በ2017 የታተመ አንድ መጽሐፍ የሰው ስሞችን ዐረብ፣ ቻይና፣ ግሪክ፣ ስላቭ በሚሉ ክፍሎች ሲያከፋፍል፣ ለአፍሪካ ከጥንታዊት ግብፅ ሌላ የሰጠው ክፍል «ኒጀር ኮንጎ» ይባላል። ኒጀር ኮንጎ ግን ከሺህ በላይ ቋንቋዎችን የያዘ ቤተሰብ መጠሪያ እንጂ የአንድ ባህል ስም አይደለም። አማርኛ፣ ትግርኛም ሆነ ኦሮምኛ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አይገኙም።

የእኛን ስሞች ወደ እንዲህ ያለ ዝርዝር ማስገባት የሚፈልግ ቢኖር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሺመልስ፣ ማንያዘዋል፣ አንተነህ ባለቤት፣ ግሥና ፆታ አላቸው። በላይነህን ለሴት፣ በላይነሽን ለወንድ መስጠት የሰዋስው ስሕተት ነው። ካሳና ምትኩም በድምፃቸው ብቻ ሊመረጡ አይችሉም፤ ከእነርሱ በፊት በቤቱ ስለደረሰ ሐዘን የሚናገሩ የወላጆች ቃል ናቸውና።

በሌላ በኩል ሰው በጉልምስናው፣ በጀብዱው ልክ የሚጠራበት ስም በአገራችን አለ፤ እርሱም የፈረስ ስም ነው። ካሳ ኃይሉ ተብሎ የተወለደው ሰው በ1855 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ በፈረስ ስሙ ግን አባ ታጠቅ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። «አባ» ከግሥ ወይም ከስም ጋር ተጣምሮ የባለቤቱን ጠባይ በአንድ ቃል ይገልጣል። ለጀብደኛ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ስም ለሚያወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ አብነት አናገኝም።

፯. የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ በላይ ከተተነተነው በመነሣት ለተርጓሚዎችና ለቃላት አዘጋጆች ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። በቃል ጨዋታ የተሠራና ስያሜ ሆኖ የጸና ስም በድምፁ ይጻፍ፤ ሜልፍ ሜልፍ ይባል እንጂ «ወ/ኤልፍ» አይባል፤ አመጣጡ ግን በመፍቻው ይገለጥ። ከስሙ ጋር የሚሄደው ገላጭ ሐረግ በፍቹ ይተርጐም፤ ስሙ ያለበትና የሌለበት መጠሪያም በአንድ መግቢያ ሥር ይስፈሩ። ገጸ ባሕርይው በአማርኛ የሚሰየም ከሆነ ደግሞ ስሙ ከነሰዋስውና ከነልማዱ ይወሰድ።

በቮልት ጀርባ ያለውን ሰው መዛግብት ስላቆዩልን ዛሬም እናውቀዋለን። በሜልፍ ጀርባ ያለውን ወረቀት ግን የሚያስታውሱት በዚያ ገበታ የተቀመጡት ጥቂት ሰዎችና የእነርሱን ቃል የሰሙ ናቸው። መዝገበ ቃላት ለስም በሩን መክፈት የሚገባው ምስክሮቹ ሳያልፉ ነው እንላለን።